ጤነኛ ነህ የተባለው ልብስ ሰፊ

ድሬዳዋ ላይ ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ?» መባባል ከቀረ ቆይቷል። አሁን የሚባለው «በምን ወጣህ?» ነው። መልሱ አንዲት ቃል ናት፤ አረንጓዴ። ቢጫ ሆኖ የነጋበት ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ጠያቂውም ወዲያው ስለ ሙቀቱ ማውራት ይጀምራል። ቀይ የወጣ ሰው ግን አይጠየቅም። ሾፌር የሌላት ነጭ መኪና ደጃፉ ላይ ስለምትቆም ሰፈሩ ቀድሞ ያውቃል።

ልብስ ሰፊው ያፌት በዚህ በኩል የሚቀናበት ሰው ነበር። ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። እኩዮቹ ዛሬ ቢጫ ነገ አረንጓዴ ሲሉ እሱ ስንት ዓመት ሙሉ ከአረንጓዴ ዝንፍ ብሎ አያውቅም። ጠዋት ሽንት ቤት ገብቶ ይቀመጣል፤ መቀመጫው ሽንቱን ይመረምራል፤ ከዚያ ከግድግዳው ውስጥ አንዲት ለስላሳ ድምፅ «ደህና አደሩ፣ አቶ ያፌት። ዛሬም ጤናማ ነዎት» ትለዋለች። እጁ ላይ ያለው አምባር አረንጓዴ ይበራል። በዚያ አምባር ምግብ ቤት ይገባል፣ ከዚራ ሰፈር ያለችውን ሱቁን ይከፍታል። ልብስን ሁሉ ማሽን በሚሰፋበት በዚያ ዘመን እንኳ ለሠርጉና ለለቅሶው የሰው እጅ የነካውን ልብስ መልበስ የሚፈልግ ደንበኛ አልጠፋም ነበርና ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

ያ አረንጓዴ ግን የራሱ ታሪክ አለው።

ያፌት ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ሳለ ሽንቱ ደም ቀላቀለ። ካንሰር ነበር። ፊኛው ወጣ፤ ቀዶ ሐኪሙ ከገዛ አንጀቱ ቆርጦ፣ እንደ ከረጢት ሰፍቶ፣ በፊኛው ቦታ ተካለት። «እኔ ጨርቅ ሰፊ፣ አንተ ሰው ሰፊ» ብሎት ነበር ያፌት ከማደንዘዣው ሲነቃ። ከዚያ በኋላ እንደ ሕፃን መሽናትን ከሥር ጀመረ። የድሮው «ሽንቴ መጣ» የሚል ስሜት የለም፤ ሰዓት ጠብቆ መሄድ፣ መቀመጥ፣ ሆድን ጫን ማድረግ ነው። ለመደው። ካንሰሩም በዚያው ቀረ። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ሐኪሞች ፊኛን ከበሽተኛው ሕዋስ በላቦራቶሪ ማሳደግ ቻሉ፤ ከአንጀት መስፋትም ቀረ፤ የሚሰፉትም ሐኪሞች አንድ በአንድ አለቁ።

መቀመጫው በየቤቱ ሲገጠም ነው ነገር የመጣው። አንጀት ፊኛ ቢሆንም አንጀትነቱን አይተውም፤ ዝልግልግ ነገር ያመነጫል፣ ተሕዋስያንም አይጠፉበትም። መቀመጫው ይህን ሲያይ ጮኸ። ነጯ መኪና መጥታ ወሰደችው፤ ምንም የለብህም ተብሎ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ እንደገና። የእህቱ ልጅ ሠርግ ላይ፣ ካባ ለብሶ ከሙሽሮቹ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ፣ እንደገና። በመጨረሻ አንድ ቦታ ላይ፣ ሰው ይሁን ማሽን አይታወቅም፣ በስሙ ላይ «ልዩ ሁኔታ» የሚል ምልክት ተደረገ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መቀመጫው ጸጥ አለ። ያፌት ተመስገን አለ። ሚስቱ ሶስናም ተመስገን አለች።

ሕመሙ የጀመረው ከእግሩ ነው።

«ጫማዬን ሳላወልቅ የተኛሁ ነው የሚመስለኝ» አላት ለሶስና አንድ ጠዋት፣ ባዶ እግሩን እያየ።

«ዕድሜ ነው» አለችው።

ቀጥሎ ምግብ አስጠላው። ቀበቶውን ጠበብ አደረገ፤ ትንሽ ቆይቶ ሱሪውን ራሱ አጠበበ። ከሱቁ እስከ ቤቱ ያለችውን መንገድ ሲሄድ ሁለት ጊዜ ያርፍ ጀመር። የሃያ ዓመት ደንበኛውን ስም ጠፍቶት «ጌታዬ» እያለ ሸኘው። ሶስና አሁን ዕድሜ ነው ማለቷን ተወች። ሠላሳ ዓመት ያስተማረች ሴት ናት፤ ሰው ዝም ሲል ምን እየሆነ እንደሆነ ማየት የለመደች። ጠዋት ጠዋት ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆማ ታዳምጥ ጀመር። «ዛሬም ጤናማ ነዎት» ትላለች ያቺ ድምፅ። ያፌት ግድግዳውን ይዞ ይወጣል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ አብዲ ሊያወጋ ሱቁ ገባ። ያፌት አንገቱን ደፍቶ የኮት እጅጌ እየሰፋ ነበር።

«ያፌት» አለ አብዲ ቀስ ብሎ። «እጅህን ከኮቱ ጋር እየሰፋኸው ነው።»

ያፌት አየ። መርፌው በሌባ ጣቱ ጫፍ ገብቶ፣ ክሩ ሥጋውንና ጨርቁን አንድ ላይ ይዟቸዋል። ደም አለ፤ ሕመም የለም። አብዲ መቀስ አምጥቶ ክሩን ቆረጠለት። ያፌት የተወጋውን ጣቱን እያየ ብዙ ቆየ። የፈራው ጣቱ ባለመታመሙ ነበር።

በማግስቱ ከሶስና ጋር ሆስፒታል ሄዱ። የሆስፒታሉ በር አምባሩን አነበበና «አቶ ያፌት፣ ጤናማ ነዎት። መልካም ቀን ይሁንልዎ» አለ። አልተከፈተም። ሶስና በሩን በመዳፏ መታችው። በሩ ያንኑ፣ በዚያው ድምፅ፣ ደገመላት። ከኋላቸው የቆመ ቢጫ አምባር ያሰረ ወጣት ይቅርታ ብሎ በጎናቸው አልፎ ገባ። ለእሱ ተከፈተለት።

«ጤነኛ ሰው ሐኪም አያይም» አለ ያፌት ሲመለሱ፣ ሊያስቃት ብሎ።

ሶስና አልሳቀችም። የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻገሩ። ከድልድዩ ማዶ ቆም አለች።

«ዝም ያለው የእኛ መቀመጫ ነው» አለች። «አንተን ስለሚያውቅህ ነው ዝም ያለው። የማያውቅህ ላይ ብትቀመጥስ?»

«ሁሉም ያውቀኛል። አምባሩ ይነግራቸዋል።»

«አምባሩን ቤት እንተወዋለን።»

ያፌት ቀና ብሎ አያት። በዚያ ከተማ አምባሩን ሳያደርግ ከቤት የሚወጣ ሰው እንደ እብድ ነበር የሚታየው። ሶስና ግን አስባ ጨርሳለች። ባቡር ጣቢያው ውስጥ ከጅቡቲ ለሚመጡ፣ አምባር ለሌላቸው መንገደኞች የተሠራ ሽንት ቤት አለ። እዚያ ያለው መቀመጫ ማንንም አያውቅም።

ሄዱ። ጣቢያው ማለዳ ላይ በሰው ታጭቆ ነበር። መቀመጫው በሶማሊኛም፣ በፈረንሳይኛም፣ በአማርኛም ስሙን ጠየቀው፤ ያፌት አልመለሰም። ሆዱን ጫን አደረገ፤ እንደ ወትሮው ጠበቀ። ሲጨርስ ተነሳ። ከዚያ ግድግዳው፣ በሩ፣ የአዳራሹ ጣሪያ ሳይቀር ቀላ።

በሩ ሲከፈት ሰዉ ሁሉ ወደኋላ ተመልሶ ዙሪያውን ክፍት ቦታ ትቶለት ነበር። አንዲት እናት ልጇን በቀሚሷ ሸፈነች። ያፌት የሱሪውን ቀበቶ እንኳ በወጉ አላሰረም። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ሶስና ብቻ ያን ክፍት ቦታ አቋርጣ መጣች፤ ቀበቶውን አሰረችለት፤ ክንዱን ያዘች።

«ጎሽ» አለችው። «አሁን በሩ ይከፈታል።»

ነጯ መኪና ሁለቱንም ጫነች። ይህን ጊዜ የሆስፒታሉ በር ገና ከሩቅ ተከፈተ። ውስጥ ግን አንድ ካሜራ ፊቱን አየውና አወቀው። «አቶ ያፌት፣ ልዩ ሁኔታ ያለብዎት ነዎት። ለተፈጠረው ስህተት ይቅርታ እንጠይቃለን። ወደ ቤትዎ ይመለሳሉ።» አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። ቀይ አንዴ ከበራ በኋላ የሚሰርዘው የሰው እጅ ነው፤ ሕጉ እንደዚያ ይላል። ስለዚህ ተረኛዋ ሐኪም ተጠራች።

ዶክተር ሂክማ ትባላለች። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ የመጋላ ሰፈር ልጅ፣ ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት። ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዋን እንደያዘች ገባች።

«ይቅርታ አንገላታናችሁ» አለች። «የጣቢያው ማሽን አቶ ያፌትን ስላላወቃቸው ነው። አሁን እሰርዘዋለሁ፤ መኪናዋ ታደርሳችኋለች።»

«ልጄ» አለች ሶስና፣ «ጣትሽን ከማሳረፍሽ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ሲተነፍስ እይው።»

ሐኪሟ ቀና አለች። ያፌት ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው፤ ደረቱ ግን ዳገት ሮጦ እንደወጣ ሰው ከፍ ዝቅ ይላል። አየችው። ጣቷ ከሰሌዳው በላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚተነፍሱት?»

«እንዴት ነው የምተነፍሰው?» አለ ያፌት።

ሂክማ ሰሌዳውን አስቀምጣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እግሩን ጠየቀችው፣ ጣቶቹን፣ የምግብ ፍላጎቱን። ስለ ፊኛው ሲነግራት ግንባሯን ቋጠረች።

«እውነቱን ልንገርዎት፤ ስለዚህ ቀዶ ሕክምና ትምህርት ቤት ግማሽ ገጽ አንብቤያለሁ። በዓይኔ ግን እንዲህ ያለ ፊኛ አይቼ አላውቅም።»

«እኔም አላየሁትም» አላት።

ሦስቱም ሳቁ። ከዚያ እጇን ታጥባ አስተኛችውና ሆዱን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን። ያፌት ጣሪያውን እያየ የሐኪም እጅ እንዲህ ሞቃት መሆኑን እንደረሳው አሰበ። ደም ወሰደች፤ የሆዱን ምስል አስነሳችው። ቀይዋ ምልክት እስክትሰረዝ ድረስ ማሽኑ ሊከለክላት አይችልምና አልሰረዘቻትም።

ከሰዓት በኋላ ተመልሳ መጣች። ፊቷ ላይ የቀድሞው ችኮላ አልነበረም።

«አንጀት የነካውን መምጠጥ ልማዱ ነው» አለች። «የእርስዎም ከሽንቱ ውስጥ አሲዱን እየመጠጠ ወደ ደምዎ ሲመልስ ኖሯል። እንዲህ የሚያስተነፍስዎ ሰውነትዎ ያን ሊያወጣ ሲታገል ነው። ሌላው፣ የተቆረጠው አንጀት ቫይታሚን ቢ12 የሚገባበት በር ነበር። ጉበትዎ ያጠራቀመው ስንቅ ለዓመታት አቆየዎት፤ አሁን አልቋል። እግርዎና ጣትዎ የደነዘዙት፣ ስም የሚጠፋዎትም ለዚያ ነው። ፊኛው ውስጥም ጠጠር አለ፤ እሱ ቀላል ነው።» ወደ ግራ ጎኑ ጠቆመች። «የሚያሳስበኝ ግራ ኩላሊትዎ ነው። ሽንት የሚያወርደው ቱቦ ከአንጀቱ ጋር የተሰፋበት ቦታ ላይ ጠቧል። ኩላሊቱ አብጧል። አያምም፤ ስለዚህ ነው ያላወቁት።»

«ብንቆይስ ኖሮ?» አለች ሶስና።

«ግራው ኩላሊት ይሞት ነበር። ሌላኛውም ብቻውን ብዙ አይቆይም ነበር።»

ያፌት አምባር ያልነበረበትን የእጁን አንጓ ያሻሽ ነበር። «ታዲያ እንዴት ነው በየጠዋቱ ጤናማ ነህ የሚለኝ?»

«ልዩ ሁኔታ የተባለ ሰው ከሌላ ሰው ጋር አይነጻጸርም። ከራሱ ጋር ነው። ማሽኑ ዛሬን ከትናንት ጋር ያስተያያል። እርስዎ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ነው የታመሙት። ከትናንት ብዙም ስላልተለየ፣ አረንጓዴ።»

ሶስና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሂክማ ቀጠለች። ሁለት መንገድ እንዳለ ነገረችው፦ አሮጌውን አውጥቶ ከሕዋሱ ያደገ አዲስ ፊኛ መትከል፣ ወይም የጠበበውን ቱቦ ከፍቶ እንደገና ሰፍቶ፣ ያለውን ይዞ በመድኃኒትና በክትትል መኖር። የመጀመሪያው ሆዱን ዳግም መክፈት ነው፤ በዚህ አቅሙ ከባድ ነው። ሁለተኛው ቀለል ይላል፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሊከታተለው ይገባል።

«አንቺ ብትሆኚ?» አላት።

«እኔ ብሆን አሁን ኩላሊቱን አድን ነበር። አዲሱ ፊኛ የትም አይሄድም፤ ቢያስፈልግ ወደፊትም ይተከላል።»

ያፌት ሶስናን አየ። እሷ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

«ይሄኛው እንከን ባያጣውም ሃያ ዓመት አኑሮኛል» አለ። «ጥገናው ይሁን።»

ቱቦውን የማሽኑ ቀጫጭን የብረት ክንዶች ሰፉት፤ ሂክማ ግን ከአጠገቡ አልጠፋችም። ጠጠሩ ተፈጭቶ ወጣ። ያፌት በውኃ የሚበጠበጥ፣ ጨው ጨው የሚል ዱቄት በቀን በቀን ይጠጣ ጀመር፤ መርፌውን ሶስና ራሷ ተምራ ትወጋዋለች። መጀመሪያ የተመለሰው ትንፋሹ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ሽሮ አማረው፤ ሶስና ይህን ስትሰማ ኮሪደር ላይ ወጥታ አለቀሰች። ግራ ኩላሊቱ ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ ግን ሠራ። የእግሩ ስሜት ዘገየ። ለወራት ምንም አልነበረም፤ ከዚያ አንድ ቀን ወለሉ ቀዘቀዘው። የጣቶቹ ስሜት ግማሽ ያህል ተመለሰ። አብዲ ያሠራለትን የናስ ቆብ ጣቱ ላይ አድርጎ ይሰፋል፤ ቀስ ይላል እንጂ ስፌቱ አልተበላሸም።

ነገሩ በዚህ ሊያልቅ ይችል ነበር። ግን ለክትትል በሄደበት አንድ ቀን ሂክማን «እንደኔ ያለ ሌላ ሰው አልቀረም?» ብሎ ጠየቃት።

እሷም ራሷ አስባበት ኖሯል። ፈልጋ አግኝታለች፤ በአገሩ ሁሉ አሥራ አንድ ሰው ቀርቷል። አሥራ አንዱም «ልዩ ሁኔታ» ናቸው። አሥራ አንዱም አረንጓዴ።

«ምልክቱ እንዲነሳ ለበላዮቼ አመልክቻለሁ» አለች። «ይታያል ብለውኛል። እስከዚያ ልጥራቸው ብል ሥርዓቱ ጤነኛ ሰው እንዲጠራ አይፈቅድም። ስልክ ደወልኩ፤ ጤነኛን ሰው ታመሃል የሚል ሐኪም አጭበርባሪ ነው እያሉ ዘጉብኝ።»

ያፌት ትንሽ አሰበ። «እኔ ልደውልላቸው» አለ። «እኔ ሐኪም አይደለሁም። የሚያውቁትን ነገር ነው የምነግራቸው።»

እንዲህ ተጀመረ። ከሱቁ ሆኖ፣ ጨርቅ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይደውላል። «ስማ ወንድሜ፣ ከምሳ በኋላ ፊኛህ እንደ ሆድ ይጮህብሃል አይደል?» ይላል። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው «አንተ ማነህ?» ይላል። ወሬው ከዚያ ይቀጥላል። ጎንደር ያለ ጡረተኛ መሐንዲስ፣ ነገሌ ያለ ነጋዴ፣ አዲስ አበባ ያሉ ሁለት ሰዎች። አንዳንዱ ደህና ነበር። አንዳንዱ እግሩ መደንዘዙን ለሰው ሳይናገር ከርሟል። ቀይ ለመውጣት እንዴት እንደሚቻል ሶስና ከጎኑ ሆና ታስረዳለች፤ አምባር ቤት ትቶ፣ የማያውቅህ መቀመጫ ላይ። እየተደወለላቸው በየከተማቸው ቀይ ወጡ፤ በሮች ተከፈቱላቸው።

አንዷ ብቻ ስልክ አላነሳችም። ሚኤሶ የምትኖር፣ ወይዘሮ ቢፍቱ የምትባል። ያፌት ደጋግሞ ሞክሮ ሲያቅተው ከሶስና ጋር ባቡር ተሳፍረው ሄዱ።

ሻይ ቤቷን ጣቢያው አጠገብ አገኙት። ቢፍቱ ከባንኮኒው ኋላ ዱካ ላይ ተቀምጣለች፤ ትልቅ፣ ፊተ ሰፊ ሴት፣ ግን ልብሷ ከላይዋ ላይ ሊወልቅ የደረሰ። ሁለት ሻይ አዘዙ። ለመቅዳት ብቻ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ስልክሽን አታነሺም» አለ ያፌት።

«የማላውቀውን አላነሳም። አንተ ማነህ?»

«ፊኛዬ ከአንጀቴ የተሰፋ ሰው ነኝ።»

ቢፍቱ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ሶስናን አየች፤ መልሳ እሱን አየች። «አላህ» አለች በዝግታ። «እኔ ብቻ የቀረሁ ነበር የሚመስለኝ።»

ተቀመጠች። በመጀመሪያ ያወሩት ስለ በሽታው አልነበረም። ጎረቤት ቤት አድረው ፍራሽ ስለማበስበሳቸው፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሰዓታቸውን እያዩ ስለመቁነጥነጣቸው፣ ያፌት ካባ ለብሶ ከሠርግ ስለመወሰዱ አወሩ። ቢፍቱ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ይህን ለማንም አልተናገረችም ነበር። ሳቋ ሲያበቃ ጫማዋን አወለቀች። ውስጥ እግሯ ላይ ሰፊ የቃጠሎ ቁስል አለ።

«ፍም ረግጬ ነው» አለች። «ያወቅሁት ሲሸተኝ ነው። ለሽንት ቤቱ ድምፅ እንኳ ነገርኳት። ጤናማ ነዎት አለችኝ።»

ሶስና ዝቅ ብላ እግሯን በሁለት እጇ ያዘችው። ያፌት የሆነበትን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት፤ መርፌውን፣ ጣቢያውን፣ የሐኪሟን እጅ። ቢፍቱ አላቋረጠችውም።

«ያንተ ስሜት ተመለሰ?» አለች በመጨረሻ።

ሊዋሻት አልፈለገም። «ግማሹ።»

ቢፍቱ ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ አጠበቻቸው፤ ደፍታ ደረደረቻቸው። ከምድጃው ሥር ባለው እሳት ላይ ውኃ አፈሰሰች።

«ግማሹ ይበቃኛል» አለች። አምባሯን ከእጇ አውልቃ ባንኮኒው ላይ ተወችውና ቁልፏን ፈለገች። «ወደ ድሬዳዋ በሚሄደው የከሰዓት ባቡር ላይ በየትኛው በኩል ነው ጥላው?»